ድፍኑ ሰልባትዮ

ፓምፕ ጠጋኙ ሞተር ሳይክል ላይ ተቀምጦ ከሄደው መንገድ ሞተር ሳይክል እየገፋ የሄደው ሳይበልጥ አይቀርም። ሐሜት አይደለም፤ እንዲህ የሚለው ራሱ ነው። «መሥሪያ ቤቱ ሞተር ሰጠው ትላላችሁ እንጂ፣ ለሞተሯ እኔን ነው የሰጧት» ይልና ሌላው ሰው ሳይስቅ ቀድሞ ይስቃል።

ሃምሳ ዓመት አልፎታል። አጠር ያለ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ከሆዱ በስተቀር ሁለመናው ጠንካራ የሆነ ሰው ነው። ሥራው በየገጠሩ ጉድጓድ ላይ የተተከሉትን የእጅ ፓምፖች መጠገን ነው። ከተማ ውስጥ አንዲት ጠባብ ቢሮ አለችው። ጠረጴዛው ላይ ከወረቀት ይልቅ ብሎንና ጎሚኒ፣ ያው ውሃ እንዳያሾልክ የሚገባው ቀለበት፣ ይበዛል። የመሳቢያው እጀታ ከተነቀለ ዓመታት ስላለፉት «የስንት መንደር ፓምፕ የሚጠግን ሰው አንድ መሳቢያ አቃተው» እያሉ የሥራ ባልደረቦቹ ይቀልዱበታል። እሱም «መሳቢያ ውሃ አይሰጥም» ብሎ ይመልሳል።

ችግሩ መንገዱ ነበር። ማደያ ያለው ከተማው ውስጥ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ አቧራ፣ ኮረብታ፣ ደረቅ ወንዝ፣ እንደገና አቧራ። የሞተሯ ሰልባትዮ፣ ያው ቤንዚን መያዣዋ፣ ዘጠኝ ሊትር ነው የሚይዘው። ዘጠኝ ሊትር ሦስቱን መንደሮች ያዳርስና አራተኛው፣ ሩቁ መንደር፣ ሊደረስ ጥቂት ሲቀረው ያልቃል። ስለዚህ ጀሪካን ከኋላ አስሮ ይሄድ ነበር። አንድ ጊዜ ጀሪካኑ ከመፍቻ ሣጥኑ ጋር ሲፋተግ ተበሳና ቤንዚኑን መንገድ ለመንገድ ሲያንጠባጥብ ዋለ። ጠጋኙ ሽታው እየመጣበት «ዛሬ የማን መኪና ነው እንዲህ የሚያፈሰው?» እያለ አርባ ኪሎ ሜትር ሙሉ ፊት ለፊቱ ያለውን ጭነት መኪና ሲራገም ነበር።

የዚያን ቀን ወደ ቤቱ የተመለሰው ሞተሯን የዚያው ጭነት መኪና ላይ አስጭኖ ነው። ልብስ ሰፊዋ ባለቤቱ የስፌት መኪናዋ አጠገብ ተቀምጣ እጅጌ ስታያይዝ አገኛት።

«ወፍራም ጀሪካን ግዛና ጨርቅ ጠቅልለህ እሰረው» አለችው፣ ቀና ሳትል።

«ጀሪካን ማሰር ማንም ያውቃል።»

«ማንም የሚያውቀው እኮ የሚሠራ ነገር ስለሆነ ነው።»

ጠጋኙ ግን ሐሳቡን ጨርሶ ነበር። ሁለተኛ ሰልባትዮ ያሠራል። ከወንበሩ ኋላ፣ ዕቃ መጫኛው ላይ ልክክ ብሎ የሚቀመጥ፣ የብረት፣ የራሱ ቧንቧ ያለው፣ በቀጭን ጎማ ወርዶ ከካርቡራቶሩ ጋር የሚገናኝ። ዋናው ሲያልቅ አንዱን ቧንቧ ዘግቶ ሌላውን መክፈት ብቻ ነው። ባለቤቱ ለቀሚስ ልክ ማውጫ ያስቀመጠችውን ሰፊ ወረቀት ገልብጦ ንድፉን ሳለበት። ሥዕሉን አይታ «ይኼ ምንድን ነው? ትራስ ነው?» ስትለው ቅር ተሰኘ።

ከመሥሪያ ቤቱ ግቢ ጀርባ ከተጣሉት አሮጌ ሞተሮች የአንዱን ሰልባትዮ አስፈቅዶ ወሰደና ወደ ብረት በያጁ ሄደ። በያጁ በዕድሜ የሚበልጠው፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። ሱቁ በአንድ በኩል የመስኮት ፍርግርግ፣ በሌላው የአልጋ እግር የተደረደረበት፣ ጥቀርሻ የለበሰ ቤት ነው። ሰውየው የግራ ቅንድቡ የለም።

«ጋሼ፣ ይኼን ከሥር ቆርጠህ ላሜራ ትጨምርበትና ስድስት ሊትር እንዲይዝ ታደርግልኛለህ። ዛሬውኑ ይዤው ብሄድ…»

በያጁ ሰልባትዮውን አነሳና አሸተተው። መልሶ አሳቀፈው።

«ውሰደውና እጠበው። በሳሙናና በሙቅ ውሃ። ነገ እጠበው። ከነገ ወዲያም እጠበው።»

«ባዶ እኮ ነው ጋሼ! ሁለት ዓመት ጠብታ አላየም።»

«ሙሉው ይነድዳል፤ ባዶው ነው የሚፈነዳው» አለና በያጁ በጣቱ የግራ ግንባሩን ነካ አደረገ። «ይቺን የበላት ባዶው ነው። እሱም ሁለት ዓመት ጠብታ አላየም ተብሎ ነበር።»

ጠጋኙ ሦስት ቀን አጠበ። ሦስተኛው ቀን ላይ ባለቤቱ በመስኮት ብቅ ብላ «የእኔን ሰሃን እንዲህ አጥበህልኝ ታውቃለህ?» አለችው። በያጁ ሰልባትዮውን እንደገና አሽትቶ ራሱን ነቀነቀ፣ ውሃ ሞላበት፣ ከዚያም ለመበየጃ የሚበቃ ቦታ ብቻ እስኪቀር አጎደለለትና ሥራውን ጀመረ። እውነቱን ለመናገር ቆንጆ ሥራ ነበር። ስፌቱ የተስተካከለ፣ ጠርዙ የተሞረደ፣ ቧንቧው በተገቢው ቦታ የተተከለ። ሲያስረክበው ክዳኑን በጣቱ መታ መታ አደረገና እንዲህ አለው፦

«ይኼ የፋብሪካ ክዳን ነው። አትንካው።»

ጠጋኙ «እሺ ጋሼ» አለ። የሰውን ምክር ለመቀበል ያለው ችሎታ እዚህ «እሺ» ላይ ያበቃል።

ቤቱ ወስዶ ቀለም ቀባው። ቀለሙ እስኪደርቅ ክዳኑን ሲያገላብጥ መሐሉ ላይ መርፌ የማታስገባ የምትመስል ቀዳዳ አየ። ወደ ብርሃን አዙሮ አያት። አዎ፣ ቀዳዳ ናት። ሆዱ በደስታ ተሞላ። ለካ የዓለም ፋብሪካ ሁሉ ያላየውን ያየ ሰው ነው! በዚች ቀዳዳ ቤንዚን እየተነነ ስንት ሰው ሲከስር ኖሯል? ከአሮጌ ካላማዳሪ፣ ከጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቆርጦ፣ በማስቲሽ ከውስጥ ለጠፈባት፤ አልበቃውም፣ በክዳኑ ዙሪያም ድርብ ጎማ አስገባበት።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለች ባለቤቱ።

«የፋብሪካ ስህተት እያረምኩ።»

ግቢው ውስጥ ሞክሮት ነበር፤ አልሞከረም አይባልም። ቤንዚን ጨመረ፣ ዋናውን ቧንቧ ዘጋ፣ የአዲሱን ከፈተ፣ ሞተሯን ረገጠ። ሩብ ሰዓት ያለማቋረጥ ሠራች። እሱ ክዳኑን በእጁ ይዞ፣ ቤንዚኑ ምን ያህል እንደቀነሰ በእንጨት እየለካ ጎኗ ቆሞ ነበር። ክዳኑ እጁ ላይ መሆኑን ልብ ይሏል። በኋላ ታሪኩን ሲያወራ እዚህ ጋ ሲደርስ ግንባሩን በመዳፉ ይመታል።

በሳምንቱ ከሩቁ መንደር መልእክት መጣ፤ ፓምፑ ከቆመ ሁለት ቀን ሆኖታል። ጠጋኙ ሁለቱንም ሰልባትዮ ሞላ፣ የአዲሱን ክዳን በጉጠት ይዞ እስኪጮህ አጠበቀውና ወጣ። የሦስቱን መንደሮች ሥራ እግረ መንገዱን ጨርሶ፣ አንዱ ጋ አድሮ፣ በማግስቱ ጠዋት ወደ አራተኛው አቀና። ቁልቁለቱን እንደወረደ ዋናው ሰልባትዮ አለቀ። ሞተሯ ስትንተባተብ ጠጋኙ ፈገግ አለ። በዚህ ቦታ ሲፈግግ የመጀመሪያው ነበር። ጎንበስ ብሎ አንዱን ዘጋ፣ ሌላውን ከፈተ። ሞተሯ ነፍስ ዘራች። «እዩልኝ!» አለ፣ የሚያየው አንድም ሰው በሌለበት።

ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄደ ሞተሯ ቀጥ አለች።

ወርዶ ሰልባትዮውን ነቀነቀው። ውስጡ ቦጭ ቦጭ ይላል፤ ሙሉ ነው። በመጀመሪያ የጠረጠረው እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ነው። ፈቶ አጸዳው፤ ምንም የለው። ቀጥሎ ካርቡራቶሩን ጠረጠረ። ደረቅ ነው። ቀጥሎ የማደያውን ሰው ጠረጠረና «ውሃ ቀላቅሎብኛል» ብሎ ፈረደበት። በመጨረሻ ሞተሯን የሠሩትን ሰዎች ጠረጠረ። ከባሕር ማዶ ያለ፣ ዐይቶት የማያውቀውን መሐንዲስ ሳይቀር ሲጠረጥር አንድ ሰው ብቻ ሳይጠረጠር ቀረ።

ጎማውን ከካርቡራቶሩ ነቅሎ በአፉ ሳበው። መጀመሪያ እምቢ አለ፤ ጉንጩ እስኪጎደጉድ ሲስበው አፉ ሙሉ ቤንዚን መጣለት። ተፋው፣ አስነጠሰው፣ አስለቀሰው። ከዚያ በኋላ ባገሳ ቁጥር ማደያ ማደያ ይሸታል። ጎማውን መልሶ ቢያስር ሞተሯ ተነሳች። «አየሽ!» ብሎ ተቀመጠባት። ሦስት መቶ ሜትር ሄዳ ቆመች። ፀሐዩ እየበረታ ሲሄድ እንደገና ተነሳች፤ ሁለት መቶ ሜትር ሄዳ እንደገና ቆመች። ሦስተኛው ላይ መርገጫውን ሲረግጥ ጫማው አፉን ከፈተ።

ከዚያ ወዲያ መግፋት ነው። መፍቻ ሣጥኑ፣ የፓምፕ ዘንጉ፣ ስድስት ሊትር ቤንዚን። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚሉት ይህን ነው። ቤንዚኑ ሞተሯ ጀርባ ላይ እየተንቦጫቦጨ፣ እሱ ላብ በላብ ሆኖ፣ ቤንዚን ያለቀበት ሰው እንኳ የማይገፋውን ክብደት ገፋ። እየገፋ ሳለ፣ ይህን ሰልባትዮ ያሰበው ሰው እንዴት ያለ ብልህ እንደሆነ ለራሱ ማስረዳቱን አሁንም አልተወም።

እኩለ ቀን ሲቃረብ ከኋላው የአህያ ጋሪ ሰማ። ጋሪው ላይ የዘይት ቆርቆሮዎች ተደርድረዋል፤ ከመንደር መንደር እየዞሩ ዘይት የሚቸረችሩ አንዲት አሮጊት አጠገባቸው ተቀምጠዋል። ሰባ ዓመት ሳይሞላቸው አይቀርም።

«ቤንዚን አልቆብህ ነው ልጄ?»

«አይ እማማ፣ ቤንዚንስ ሞልቷል።»

«ታዲያ ለምን ትገፋታለህ?»

ጠጋኙ ይህን ጥያቄ ለመመለስ አፉን ከፈተ፤ አገሳና ዘጋው። አሮጊቷ ሽታውን ሽሽት ፊታቸውን ዞር አደረጉ። ከዚያ ከጋሪው ወርደው፣ ሞተሯን እየዞሩ፣ ሰልባትዮውን በጣታቸው አንኳኩ።

«ከዚህ አልወጣም ነው የሚልህ?»

«ትንሽ ይወጣና ይቆማል። ካርቡራቶሩ ነው እማማ፣ የረቀቀ ነገር ነው፣ ለማስረዳት ይከብዳል።»

«አየሩስ በየት ይገባል?»

«የምን አየር?»

 አሮጊቷ ወደ ጋሪያቸው ሄደው አንድ የዘይት ቆርቆሮ ጎተት አደረጉና አናቱን አሳዩት። ሁለት ቀዳዳ አለው፤ አንዱ በዚህ ጥግ፣ አንዱ በዚያ ጥግ።

«አንዱን ብቻ የበሳህ እንደሆነ ጉልግል እያለ ይታነቃል፤ አይወርድም። በአንዱ ዘይቱ ይወጣል፣ በአንዱ አየር ይገባል። ይህን የማያውቅ ዘይት ቸርቻሪ ደንበኛው ቆሞ ይሸብታል። ያንተው የቱ ጋ ነው የተበሳው?»

ጠጋኙ ክዳኑን አየ። አሮጊቷም ክዳኑን አዩ። በጉጠት ታግሎ ፈታው፤ «ፉፉፉት» የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ሰልባትዮው ለረጅም ጊዜ ታፍኖ እንደቆየ ሰው ትንፋሹን ሳበ። አሮጊቷ ክዳኑን ተቀብለው ገለበጡት።

«እቺን ቀዳዳ ማን ነው የደፈናት?»

«ፋብሪካው ይሆናል» አለ ጠጋኙ።

«ፋብሪካው በካላማዳሪ ይደፍናል?»

ውሸት ያለ ልምድ አይሆንም። «እኔ ነኝ እማማ» አለ።

አሮጊቷ አልሳቁም። ቢስቁ ይሻለው ነበር። ቆርቆሮ የሚበሱበትን ወስፌ ከጋሪው ስር አውጥተው ጎማዋን ጠቅ አደረጓትና ክዳኑን መለሱለት። ሞተሯ በአንድ ርግጫ ተነሳች። «በል ቀስ ብለህ ሂድ፤ ሰዎቹ ውሃ ጠምቷቸዋል» አሉት። ያን ጊዜ ነው ያፈረው። በዚያ ሁሉ ሰዓት ካንዴላውንና መሐንዲሱን ሲያስብ ውሃ የሚጠብቁትን ሰዎች አንድ ጊዜ እንኳ አላሰባቸውም ነበር።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ለክብሩ ይሻል ነበር፤ ግን አላበቃም። ወስፌው ቀዳዳዋን ከልኳ አስፍቷት ኖሮ፣ መንገዱ ባነጠረው ቁጥር ቤንዚኑ ብልጭ እያለ ወገቡን ያጠጣዋል። መንደሩ ሲደርስ ከወገቡ በታች ርሶ ነበር። ፓምፑ ዙሪያ የተሰበሰቡት ሰዎች በደስታ ሊቀበሉት ቀረቡና ወዲያው ሸሹ። አንድ ሽማግሌ ሲጋራቸውን ጥለው በጫማቸው አስር ጊዜ ረገጡት።

«ማንም እሳት እንዳያስጠጋው!» ብለው ጮኹ።

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ሱሪ አመጣለት። ዳይሬክተሩ እንደ ስልክ እንጨት የረዘመ ሰው ነው። ጠጋኙ ሱሪውን አምስት ጊዜ ጠቅልሎ፣ በገመድ አስሮ፣ ሥራ ጀመረ። ዘንጉን ሲመዝ ከታች ያለው የቆዳ ጎሚኒ ተበልቶ ክር ክር ብሏል። ቀየረው። ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውሃው ወጣ። ሴቶቹ ባልዲያቸውን አስጠጉ፣ ጠጋኙም እንደ ልማዱ ደረቱን ነፍቶ ቁጣውን ጀመረ።

«ፓምፕ በዚህ አያያዝ አይኖርም! ሲበላሽ ቶሎ መናገር ነው እንጂ…»

ከሴቶቹ አንዷ፣ ሕፃን ያዘለች፣ አቋረጠችው። «አንተስ ለምን ዘገየህ? ጠዋት ትደርሳለህ ተብሎ ልጆቹ መንገድ ላይ ሲጠብቁህ ነበር።»

ጎማ ፈነዳ ሊል ነበር። ወንዝ ሞላ ሊል ነበር፤ ወንዙ ግን ደረቅ ነው። የዳይሬክተሩን ሱሪ በእጁ እንደያዘ ቁልቁል አየና፣ ምን እንደነካው ሳያውቅ፣ ሁሉንም ነገራቸው። ቀዳዳዋን፣ የፋብሪካ ስህተት ማረሙን፣ ቤንዚን መጠጣቱን፣ አሮጊቷን።  መጀመሪያ ሽማግሌው በሳቅ ፍንድት አሉ፤ ከዚያ ማን ይቻላቸው። አንዲቱ ባልዲዋን ደፋች። «ድፍን!» አለች ሕፃን ያዘለችው፣ እንባዋን እየጠረገች። «ድፍን ሰልባትዮ!» ስሙ ከዚያን ቀን ጀምሮ ድፍኑ ሆነ። ሰልባትዮውን ይሁን ጭንቅላቱን ለይቶ የጠየቀ የለም።

ሳቁ በረድ ሲል ሕፃን ያዘለችው ሴት ጠጋ አለችው።

«እንግዲህ አንተም ከነገርከን እኔም ልንገርህ። ፓምፗ ከመቆሟ በፊት ሁለት ሳምንት ሙሉ ስታቃስት ነበር። ስንስባት እህ፣ እህ ትላለች።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ትቆጣለህ ብለን።»

 ጠጋኙ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ቢሰማ ጎሚኒው ሳይበጣጠስ ቀይሮት፣ እነዚህ ሰዎች አንድ ቀን እንኳ ውሃ ሳያጡ ይቀሩ ነበር። ለካ የደፈነው ቀዳዳ አንድ ብቻ አይደለም። ይህን ግን ለማንም አልተናገረም፤ ለባለቤቱ ብቻ ነው የነገራት፣ እሱንም ከብዙ ጊዜ በኋላ።

ቤቱ ሲደርስ ባለቤቱ በመጀመሪያ ሱሪውን አየች። «ይኼ የማን ነው?» አለች፣ ድምፅዋ ጥሩ አልነበረም። ቶሎ ብሎ ታሪኩን ተረከላት። እሷ ሰምታ ስትጨርስ መቀሷን አስቀመጠች።

«ሠላሳ ዓመት ልብስ ስሰፋ ኖርኩ» አለች። «አንድም ቀን የአንገት ማስገቢያውን የሰፊው ስህተት ነው ብሎ የደፈነብኝ ደንበኛ አልገጠመኝም። ያንተን ግን አላምንም፤ ሸሚዞችህን ልይ እስቲ።» ከዚያ እስክትደክም ሳቀች፣ እሱም አብሯት ሳቀ፣ ሲያገሳ ገና ቤንዚን ይሸት ነበር።

በያጁ ጋ መሄድ ከሁሉ የከበደው ነበር። ክዳኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠለት። በያጁ ጎማውን በጥፍሩ ላጠና አየው።

«አትንካው አላልኩህም?»

«ብለኸኛል ጋሼ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።»

«ሞኝስ አይደለህም» አለ በያጁ፣ በረጋ ድምፅ። «እኔም ሦስት ቀን እጠበው ብለውኝ ነበር። አንድ ቀን ነው ያጠብኩት።» ያለችውን አንዷን ቅንድብ ከፍ አደረገና አዲስ ክዳን ፍለጋ ወደ ጓዳው ገባ።

ሰልባትዮው ስድስት ዓመት አገለገለ። የክትባት ሠራተኛውና ደብዳቤ አመላላሹ አይተው ተመኙት፤ ጠጋኙ ሁለቱንም ወደ በያጁ ወሰዳቸው። ሰልባትዮው እየተሠራ እሱ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ ታሪኩን ከጥግ እስከ ጥግ ይነግራቸዋል፤ የአፍ ሙሉ ቤንዚኑ ጋ ሲደርስ በያጁ ራሱ መበየጃውን አጥፍቶ ያዳምጣል።

ለየመንደሩም የስልክ ቁጥሩን ሰጠ። «ድምፅ ስትቀይር ደውሉ፤ አልቆጣም» አላቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲደውሉ ተቆጣ፤ ሰው በአንድ ቀን አይለወጥም። ወዲያው ግን መልሶ ደውሎ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ወዲህ ሰዉ ለመደው። አንዱ «ታስላለች» ይላል፣ ሌላው «ታነጥሳለች» ይላል፤ ጠጋኙ ሁሉንም ደብተር ላይ እየጻፈ፣ የትኛው ሳል ጎሚኒ እንደሆነ፣ የትኛው ማነጠስ የቧንቧ ስንጥቅ እንደሆነ መለየት ጀመረ።

ባለፈው ሰሞን ከሩቁ መንደር ያች ሕፃን ያዘለችው ሴት ደወለች፤ ሕፃኑ አሁን ትምህርት ቤት ገብቷል።

«ድፍኑ፣ ፓምፗ ደግሞ አዲስ ነገር ጀምራለች። እንደ አማቴ ታጉረመርማለች።»

«አማትሽ ሲያጉረመርሙ እንዴት ነው?»

ሴትዮዋ ግራ ቀኝ የሚሰማ ሰው እንደሌለ ካረጋገጠች በኋላ በስልኩ አጉረመረመችለት፤ ዝቅ ያለ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ማብቂያው ላይ ቀጭ የሚል። ጠጋኙ ዐይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። የላይኛው እጀታ ብሎን ላልቷል ብሎ ገመተ። ቢሆንም «እርግጠኛ ነሽ ቀጭ የሚለው መጨረሻ ላይ ነው?» ብሎ ጠየቃት።

«አማቴን ሃያ ዓመት ሰምቻቸዋለሁ» አለችው።

በማግስቱ አንድ ብሎንና አንድ መፍቻ ብቻ ይዞ ሄደ። ሴትዮዋ ትክክል ነበረች።